ለውጫዊ ፍላሽ የሚሆን ባትሪ፦ አልካላይን ወይስ ቻርጅ የሚደረግ?

ለገጣፎ ብርሃን (ታኅሣሥ 9)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። የምሠራው በለገጣፎና በሰንዳፋ አካባቢ ሲሆን ሥራዬ በአብዛኛው ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ነው። ውጫዊ ፍላሼ አራት ደብል ኤ ባትሪ የሚወስድ ነው፤ እስካሁንም የምጠቀመው ከሰፈር ሱቅ የሚገዛውን አልካላይን ድንጋይ ነው። ችግሬ የሚጀምረው ሙሽሮቹ ወደ ዳሱ ሲገቡ ነው። ሆታው በደራበት ሰዓት ፍላሹ አንዴ ከበራ በኋላ ዝግጁ መሆኑን የሚያሳየው ቀይ መብራት እስኪመጣ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ምሽቱ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ጥበቃው ይረዝማል። የጥር ሰርግ ከመድረሱ በፊት መፍትሔ ማግኘት እፈልጋለሁ።

ገበያ ላይ ያየኋቸው አማራጮች አራት ናቸው። አንደኛው አልካላይኑን በካርቶን መግዛት ነው። ሁለተኛው 2,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የባትሪው የይዘት መለኪያ) የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ስሙ የታወቀ፣ ዋጋውም ከበድ የሚል ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ነው። ሦስተኛው 4,800 የሚል የተጻፈበትና ከሁለተኛው በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ነው። አራተኛው በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ቻርጅ የሚሆንና ባለ 1.5 ቮልት ነኝ የሚል አዲስ ዓይነት ነው። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የሰበታው ጠጋኝ (ታኅሣሥ 9)

ወንድሜ፣ የካሜራና የፍላሽ ጥገና ላይ ስለምሠራ ጥያቄዎ ከዕለት ሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። በመጀመሪያ በፍላሹ ውስጥ የሚካሄደውን ማየት ያስፈልጋል። ባትሪው መብራቱን በቀጥታ አያበራም፤ ሥራው ካፓሲተር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ እስከ 300 ወይም 330 ቮልት ድረስ መሙላት ነው። የካሜራውን ቁልፍ ሲጫኑ የተጠራቀመው ኃይል ብርሃኑን በሚሰጠው የዜኖን ቱቦ በኩል ከአንድ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ቅጽበት ይለቀቃል፤ ከዚያም ባትሪው ማጠራቀሚያውን እንደገና መሙላት ይጀምራል። እርስዎ ዳሱ ውስጥ ቆመው የሚጠብቁት ይህንን ሙሌት ነው።

በሙሌቱ ጊዜ ፍላሹ ከባትሪዎቹ በርካታ አምፒር ይስባል። የግድግዳ ሰዓት ወይም ሪሞት ከሚወስደው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ስለዚህ ለፍላሽ ባትሪ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ይይዛል?» የሚለው ሳይሆን «የያዘውን በምን ፍጥነት መስጠት ይችላል?» የሚለው ነው። ይህን የሚወስነው የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ነው። አልካላይን አፉ የጠበበ ጀሪካን ነው፤ በውስጡ ብዙ ውኃ ቢኖርም በአንድ ጊዜ መገልበጥ አይቻልም። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ግን ውስጣዊ ተቃውሞው እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ የተጠየቀውን ያህል ወዲያውኑ ይሰጣል።

እንግዲህ ከአራቱ አማራጮችዎ ሁለተኛው የዚህ የኒኬል ዓይነት ስለሆነ እርሱን ይግዙ። የቀሩትን ለምን እንደምተዋቸው ሌሎች አባላት አስተያየት ከሰጡ በኋላ በዝርዝር እመለስበታለሁ።

ጋሽ ፍሬም (ታኅሣሥ 10)

ልጆቼ፣ እኔ ከፊልም ዘመን ጀምሮ ፍላሽ ይዣለሁ፤ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይመስለኝም። አልካላይን አንዱ 1.5 ቮልት ነው፤ አራቱ 6 ቮልት ይሆናሉ። ቻርጅ የሚደረገው ግን አንዱ 1.2 ቮልት ነው፤ አራቱ ተደምረው 4.8 ቮልት ብቻ ይሆናሉ። ለ6 ቮልት የተሠራ ዕቃ በ4.8 ቮልት እንዴት አድርጎ በፍጥነት ሊሠራ ይችላል? ጠጋኙ ይህን ቢያብራራልኝ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቻርጅ የሚደረገውን ትቶ ወደ አልካላይን የሚመለሰው ይህን ቁጥር አይቶ ነው።

የሰበታው ጠጋኝ (ታኅሣሥ 10)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱን በቁጥር ላቅርብ። የተጻፈው ቮልት የሚለካው ባትሪው ሥራ ላይ በሌለበት ጊዜ ነው። አንድ አዲስ ደብል ኤ አልካላይን ውስጣዊ ተቃውሞው ከ0.15 እስከ 0.3 ኦም አካባቢ ነው፤ ደህና የኒኬል ባትሪ ግን ከ0.02 እስከ 0.03 ኦም ገደማ ነው። ለስሌት ያህል ፍላሹ 5 አምፒር ይስባል እንበል። አራቱ አልካላይኖች ተደራርበው ቢያንስ 0.6 ኦም ይሆናሉ፤ በዚህም ምክንያት 3 ቮልት እዚያው ባትሪዎቹ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከ6 ቮልቱ ለፍላሹ የሚደርሰው 3 ብቻ ነው። አራቱ ኒኬሎች ግን በአንድነት 0.1 ኦም ገደማ ስለሆኑ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ነው፤ ለፍላሹ 4.3 ቮልት ይደርሰዋል። በወረቀት ላይ ዝቅ ያለው ባትሪ በሥራ ላይ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም በላይ አልካላይን ሲያልቅ ቮልቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ተቃውሞውም ይጨምራል። ምሽቱ ሲገፋ ጥበቃው የሚረዝመው ለዚህ ነው። ኒኬሉ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ 1.2 ቮልት ተጠግቶ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ይህ ጥቅምም ጉዳትም አለው፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ስለሚያልቅ ሁለተኛው አራት ባትሪ ኪስ ውስጥ መኖር አለበት።

የመብራቶቹ ብዛትም ሊሰላ ይችላል። ማጠራቀሚያው 1,400 ማይክሮፋራድ የሆነና እስከ 330 ቮልት የሚሞላ ፍላሽ በአንድ ሙሉ ብርሃን ወደ 76 ጁል ያጠፋል። አራት ባለ 2,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ኒኬሎች ወደ 34,500 ጁል ይይዛሉ። ግማሹ በመንገድ ላይ በሙቀት ይባክናል ብንል እንኳ ከ220 በላይ ሙሉ ብርሃን ይገኛል። በየመመሪያ መጽሐፉ ላይ የምናየው 200 እና 230 የሚለው ቁጥርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ኮተቤ ስቱዲዮ (ታኅሣሥ 10)

እህታችሁ ነኝ፣ ከኮተቤ። ስለ ሦስተኛው አማራጭ፣ ማለትም 4,800 ስለሚለው ባትሪ፣ ዝም ብሎ ማለፍ አልቻልኩም። በደብል ኤ መጠን በተሠራ የኒኬል ባትሪ ውስጥ እስካሁን በእውነት ሲገባ የታየው ከ2,700 እስከ 2,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ሁሉ ቁጥሩን ሳይሆን የጻፈውን ሰው ድፍረት የሚያሳይ አድርጋችሁ ውሰዱት።

ለማጣራት ቀላሉ መንገድ ሚዛን ነው። እውነተኛ ባለ 2,000 የኒኬል ባትሪ ከ26 እስከ 27 ግራም ይመዝናል፤ ባለ 2,500ው ደግሞ ወደ 30 ግራም ይጠጋል። 15 ወይም 18 ግራም ሆኖ 4,800 የሚል ባትሪ ካገኛችሁ ውስጡ በአብዛኛው ባዶ ነው ማለት ነው። መርካቶ ስትሄዱ በኪስ የምትያዝ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም አይከለክላችሁም። ነጋዴው ፊቱን ካጠቆረ መልሱን ከሚዛኑ በፊት አግኝታችኋል።

ስለታወቀው ዓይነት ጥቂት ልጨምር። ኤኔሉፕ የሚባለውን ባትሪ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሳንዮ ነው፤ አሁን በፓናሶኒክ ስም ይሸጣል። የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ልዩነቱ ተቀምጦ ሳለ ቻርጁን አለማፍሰሱ ነው። የድሮዎቹ ኒኬሎች መሳቢያ ውስጥ አንድ ወር ቢቆዩ ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ያጡ ነበር፤ ለዛሬ ሰርግ ባለፈው ሳምንት የተሞላ ባትሪ መያዝ አያስተማምንም ነበር። ታዲያ ኤኔሉፕ የግድ ነው ማለቴ አይደለም፤ «አስቀድሞ ቻርጅ የተደረገ» ወይም «ለረጅም ጊዜ ቻርጅ የሚይዝ» የሚል የሌሎች ታማኝ ኩባንያዎች ምርትም በዚያው መንገድ የሚሠራ ነው።

ከኤኔሉፕ ዓይነቶች በነጩ ባለ 2,000 እና በጥቁሩ ባለ 2,500 መካከል ምርጫ ሲቀርብ እኔ ነጩን እወስዳለሁ። አምራቹ ለነጩ እስከ 2,100 ጊዜ ቻርጅ መደረግን ሲናገርለት ለጥቁሩ የሚናገርለት 500 ብቻ ነው። በየሳምንቱ ለሚሠራ ሰው ሩብ ያህል ተጨማሪ ይዘት ለማግኘት ዕድሜውን ወደ ሩብ ማውረድ አይዋጥልኝም።

ሱሉልታ 44 (ታኅሣሥ 11)

ባትሪው ላይ ከሁላችሁም ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው ስለ ዳስ የተናገሩት ነገር ሳይነሳ አለፈ። ከከተማ ወጣ ብለን የምንሠራበት ድንኳን ጣሪያው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሸራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከፍ ያለ ነው። እንደ አዳራሽ ነጭ ኮርኒስ መስሎን ፍላሹን ወደ ላይ ስናዞር ብርሃኑ ሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ ይጠፋል፤ የሙሽራዋ ቀሚስም ሰማያዊ ይሆናል። ሁለት ደረጃ ማለት አራት እጥፍ ኃይል ነው። ፍላሹ በየጊዜው ሙሉ ኃይሉን እየተፋ ከሆነ የትኛውም ባትሪ ይደክማል።

እኔ በእንዲህ ዓይነት ቦታ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ከ400 ወደ 1600 ከፍ አድርጌ፣ ፍላሹ ላይ ትንሽ ነጭ ካርድ አስሬ፣ በሩብ ኃይል እሠራለሁ። በሩብ ኃይል ከአንድ የባትሪ ሙሌት የሚገኘው የብርሃን ብዛት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ በመካከል ያለው ጥበቃም በዚያው ልክ ያጥራል። የዛሬ ካሜራዎች 1600ን ያለ ችግር ይችላሉ።

ሌላው የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብርድ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሱሉልታ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። አልካላይን በብርድ ጊዜ ውስጡ ያለው ኬሚካል ስለሚቀዘቅዝ ኃይል መስጠቱ በግልጽ ይቀንሳል። ኒኬሉ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም መለዋወጫዎቹን በቦርሳው ውጫዊ ኪስ ከመያዝ በጃኬት የውስጥ ኪስ መያዙ ይመረጣል።

ለገጣፎ ብርሃን (ታኅሣሥ 11)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ተምሬያለሁ። ስለ አይኤስኦው የተባለውን በሚቀጥለው ሥራ እሞክረዋለሁ። አሁን የቀረኝ አራተኛው አማራጭ ነው፤ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚሆነው። ሻጩ «ይህ ሊቲየም ስለሆነ ከሁሉም ይበልጣል፤ እስኪያልቅም ድረስ 1.5 ቮልት ላይ ይቆያል» ብሎኛል። ከዚህም ሌላ ቻርጅ የማይደረግ ሊቲየም ደብል ኤ እንዳለ ሰምቻለሁ።

የሰበታው ጠጋኝ (ታኅሣሥ 11)

ሻጩ የነገርዎት በከፊል እውነት ነው፤ ለፍላሽ የሚጎዳውም ያልነገርዎት ክፍል ነው። ሊቲየም አዮን በተፈጥሮው 3.7 ቮልት ገደማ ነው። በዩኤስቢ የሚሞላው ደብል ኤ ውስጥ ትንሽ የሊቲየም ባትሪና 3.7ቱን ወደ 1.5 የሚያወርድ ጥቃቅን ሰርኪዩት ተቀምጧል። ያ ሰርኪዩት ሊያሳልፍ የሚችለው የአምፒር መጠን ገደብ አለው፤ በብዙዎቹ ላይ 2 አምፒር አካባቢ ነው። ፍላሽ ከዚያ በላይ ሲጠይቀው ወይ ይዘገያል፣ ወይም ራሱን ለመጠበቅ ሲል ይዘጋል። ለኮምፒውተር ማውስና ለሪሞት ግን ጥሩ ባትሪ ነው።

ቻርጅ የማይደረገው ሊቲየም ሌላ ነገር ነው። ክብደቱ 15 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ለዓመታት ቢቀመጥም አይበላሽም፤ በብርድም ይሠራል። ነገር ግን በውስጡ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኃይሉን የሚቀንስ መከላከያ ስላለው ብርሃን በተከታታይ ሲለቀቅ ፍጥነቱ ይወርዳል። አንዳንድ የፍላሽ አምራቾችም በመመሪያቸው ላይ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል በማለት እንዳይገባ ይከለክላሉ። የእርስዎን ፍላሽ መመሪያ ሳያነቡ አያስገቡት።

ይህን ካነሳን ዘንድ ከሁሉ የሚያሰጋኝን ልናገር። ቁመቱና ውፍረቱ ከደብል ኤ ጋር አንድ የሆነ 14500 የሚባል ባለ 3.7 ቮልት ሊቲየም አዮን ባትሪ አለ፤ ለእጅ ባትሪዎች ተብሎ ይሸጣል። አራቱን በፍላሽ ውስጥ ቢያስገቡ 14.8 ቮልት ይሆናሉ፤ ሙሉ በሙሉ ሲሞሉ ደግሞ 16.8 ይደርሳሉ። ለ6 ቮልት የተሠራው ሰርኪዩት ወዲያውኑ ይቃጠላል። ኒኬል ዚንክ የሚባለውም አዲስ ሲሞላ አንዱ ከ1.7 ቮልት በላይ ስለሚሆን ፍላሹን ያፈጥነዋል፤ ያሞቀዋልም። ባትሪው ላይ 1.2 ቮልትና የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ስም መጻፉን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ገላን መብራት (ታኅሣሥ 12)

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከመሠረቱ አልስማማም። ደብል ኤን ማስታመም ለምን አስፈለገ? የራሱ የሊቲየም አዮን ባትሪ ያለው ፍላሽ መግዛት ይቻላል። ለምሳሌ «ጎዶክስ ቪ860 II» የሚባለው ፍላሽ 11.1 ቮልትና 2,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ አለው፤ አምራቹም በአንድ ሙሌት እስከ 650 ሙሉ ብርሃን እንደሚሰጥና ከ1.5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንደሚሞላ ይገልጻል። አንድ ሰርግ ከጠዋቱ የሙሽራዋ ቤት ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ በአንድ ባትሪ ያልቃል።

ኮተቤ ስቱዲዮ (ታኅሣሥ 12)

ወንድሜ፣ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ፍላሹም ጎበዝ ነው። አዲስ ፍላሽ ሊገዛ ለተነሳ ሰው እኔም የምመክረው ያንን ነው። ጠያቂው ግን ፍላሽ አላቸው፤ የጠየቁትም ባትሪ ነው። ደግሞም ያ ባትሪ የአንድ አምራች የራሱ ቅርጽ ስለሆነ ሰንዳፋ ላይ በሰርግ መሐል ቢያልቅ ወይም ቢበላሽ የሚተካው ዕቃ በአካባቢው ሱቅ አይገኝም። ደብል ኤ ግን የትም ይገኛል። ከከተማ ዳር ለምንሠራ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሱሉልታ 44 (ታኅሣሥ 12)

ስለ ቻርጀሩ ማንም አልተናገረም፤ ባትሪ የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቻርጀሩ ነው።

የሰበታው ጠጋኝ (ታኅሣሥ 12)

ትክክል ነዎት፤ እንዲያውም ገንዘቡ አንሶ ከባትሪና ከቻርጀር አንዱ ላይ መቆጠብ ግድ ከሆነ ከቻርጀሩ ላይ አይቆጠብ እላለሁ።

ርካሾቹ ቻርጀሮች ሁለት ድክመት አለባቸው። አንደኛው ባትሪዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው መሙላታቸው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ቢሞላም ሌላው እስኪደርስ ድረስ አብሮ ይቀቀላል። ሁለተኛው የሚያቆሙት በሰዓት ቆጣሪ መሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ በእኛ አካባቢ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይጎዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል። ስድስት ሰዓት ሞልቶ ሊጨርስ የተቃረበ ባትሪ መብራቱ ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ሙሉውን ሰዓት ይጫንበታል። በዚህ መንገድ አንድ ክረምት ያሳለፈ ባትሪ ሲመጣልኝ ከመለካቴ በፊት ታሪኩን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ አራቱንም ባትሪዎች ለየብቻ የሚከታተልና ባትሪው ሲሞላ የምትታየዋን ትንሽ የቮልት መውረድ አይቶ የሚያቆም ቻርጀር ይፈልጉ። መብራት ጠፍቶ ቢመለስ እንኳ የሞላውን ባትሪ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለይቶ ይተወዋል። የሚሞላበትም ፍጥነት ለባለ 2,000 ከ500 እስከ 1,000 ሚሊ አምፒር ቢሆን ተስማሚ ነው፤ በ500 ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ በ1,000 ደግሞ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ባትሪ በ15 ደቂቃ እሞላለሁ የሚል ቻርጀር ባትሪውን ያጋየዋል። በ12 ቮልት ወይም በዩኤስቢም የሚሠራ ካገኙ ከመኪና ላይም ሊሞሉ ስለሚችሉ ለለገጣፎ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይዘት የሚለካ ቻርጀር ከሆነ ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው፤ የደከመውን ባትሪ ከአራቱ መካከል ለይቶ ያሳያል።

ይህ መለየት ለምን እንደሚያስፈልግም ልጨምር። አራቱ ባትሪዎች ተደራርበው ስለሚሠሩ አንዱ ቀድሞ ካለቀ ሦስቱ በእርሱ ውስጥ ኃይል በግልባጭ ያሳልፉበታል፤ ይህም ፈጽሞ ያበላሸዋል። አራቱን በአንድ ቀን ገዝተው፣ በማርከር አንድ ዓይነት ምልክት አድርገው፣ ሁልጊዜ አብረው ያስገቧቸው፤ አብረውም ይሙሏቸው። አሮጌና አዲስ፣ ባለ 2,000 እና ባለ 2,500 አይቀላቅሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ይቀራል። ጥሩ ባትሪ ሲያስገቡ ፍላሹ ስለሚፈጥን እጅም ይፈጥናል። ብዙ መመሪያዎች 20 ያህል ሙሉ ብርሃን በተከታታይ ከለቀቁ በኋላ ፍላሹን ወደ 10 ደቂቃ እንዲያሳርፉት ይመክራሉ። በአልካላይን ጊዜ ያ ዕረፍት ሳይታወቅ በጥበቃው ይገኝ ነበር፤ አሁን ግን እርስዎ ራስዎ መስጠት አለብዎት። ፊቱ የቀለጠ ፍላሽ በየሰርጉ ወቅት ማግሥት ወደ እኔ ይመጣል።

ጋሽ ፍሬም (ታኅሣሥ 13)

ልጄ ጠጋኙ፣ የቮልቱ ስሌት አሳምኖኛል። አልካላይኑን ግን ጨርሶ አትጣሉት እላለሁ። ስምንት አልካላይን ከነማሸጊያው በቦርሳ ግርጌ ቢቀመጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ቻርጅ ማድረግ በተረሳበት ወይም መብራት ሌሊቱን ሙሉ በጠፋበት ቀን ያድናል። ፍላሹ ውስጥ ተትቶ እንዳይከርም ብቻ ተጠንቀቁ። አልካላይን ሲያረጅ ያፈሳል፤ የሚወጣው ፈሳሽም መዳብና ብረቱን ይበላል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር በማያያዣዎቹ ላይ ካያችሁ በጥጥ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ ከዚያም በአልኮል አጥሩና አድርቁት። ማያያዣውን ከማጽዳት አልፋችሁ ፍላሹን ግን በራሳችሁ አትፍቱ፤ ማጠራቀሚያው ባትሪው ወጥቶም ቢሆን የሚጎዳ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ለገጣፎ ብርሃን (ታኅሣሥ 14)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ እርስዎንም በተለይ። ሦስት ስብስብ፣ ማለትም 12 ባለ 2,000 ባትሪና በመኪና የሚሠራ ባለ አራት ቀዳዳ ቻርጀር ለመግዛት ወስኛለሁ፤ ሚዛኑንም ይዤ እሄዳለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ይፈቀድልኝ፦ ፍላሹን ከሩቅ የሚያስነሳው ትሪገርም ሁለት ደብል ኤ ይወስዳል። ለእርሱም አዲስ ልግዛ ወይስ አልካላይኑ ይበቃዋል?

የሰበታው ጠጋኝ (ታኅሣሥ 14)

ትሪገሩ የሚስበው ኃይል ከፍላሹ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ስለዚህ የተረፈዎትን አልካላይን እዚያ ይጨርሱት። ብቻ ሥራ ሲጨርሱ ያውጡት። ወደፊት ደግሞ ከኒኬሎቹ ውስጥ አንድ ስብስብ ለፍላሽ ሲደክም አይጣሉት፤ ከፍላሽ የወጣ ባትሪ ትሪገርንና የግድግዳ ሰዓትን ለረጅም ጊዜ ያሠራል። ምልክቱን ግን በሌላ ቀለም ይቀይሩት፤ አለበለዚያ አንድ የጥር ቅዳሜ ተሳስቶ ወደ ፍላሹ ይመለሳል።